ካባውን የለወጠ ባለዕዳ

ጓደኞቼ ሆይ፤ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በተነሣ ቍጥር ከመካከላችን አንዱ ብድግ ብሎ «ያ የፋሺስቶች ሥራ ነው፤ የዛሬዪቱ ኢጣሊያ ሬፑብሊክ ናትና ምን ዕዳ አለባት?» ማለቱ አይቀርም። ንግግሩ ለሰሚው የትሕትና ይመስላል፤ ሕግ ግን አይደለም።

ገዢ ሲለወጥና አገር ፈርሶ በስፍራው ሌሎች አገሮች ሲተኩ፣ ሁለቱ በኢንተርናሲዮናል ሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ቼኮዝሎቫኪያ በ1985 ዓ.ም. ለሁለት ስትከፈል ማን ምን ይወርሳል የሚለው በእውነት አስቸጋሪ ጥያቄ ነበር። ኢጣሊያ ግን በ1938 ዓ.ም. ንጉሧን በሕዝብ ድምፅ አሰናበተች እንጂ አልፈረሰችም። «ያባት ዕዳ ለልጅ፤ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» እንላለን፤ እዚህ ላይ ተረቱም አይበቃም። ልጅ ከአባቱ ሌላ ሰው ነው፤ ይህች ግን ካባዋን የለወጠች ያችው ባለዕዳ ናት።

ራሷም በፊርማዋ አምናለች። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ ያለባትን ኃላፊነት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ይቈጥራል። የፈረመችው ሬፑብሊኳ ናት፤ ሙሶሊኒ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

አፈጻጸሙ ሌላ ነው። አገራችን ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠይቃ 25 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነላት፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው ከዚሁ ካሳ ነው። ለተዘረፉት ቅርሶች መመለሻ ውሉ 18 ወር ሰጥቶ ነበር፤ የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው! የመርዝ ጋዙን ነገር የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። በጦር ወንጀል የሚፈለጉትን አሳልፎ የመስጠቱ አንቀጽማ በወረቀት ቀረ። ግራዚያኒን የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት ፈረደበት፤ ጥፋቱ ግን ከጀርመኖች ጋር ማበሩ ነበር እንጂ የአዲስ አበባና የደብረ ሊባኖስ ደም አልነበረም። በወራት ውስጥም ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የገንዘቡን ክርክር ብንተወው ይሻላል፤ ተፈርሞበት ተዘግቷል ቢሉን የምንመልሰው ጥቂት ነው። ያልተከፈለው የፍርድ ዕዳ ነው። ተከሳሾቹ ሞተዋልና ዛሬ የሚጠየቀው መዝገቡ እንዲከፈት፣ ጥፋቱም በስሙ እንዲጠራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የማይወደው ይኖራል። ይህ ክርክር ወደ ቤታችንም ይገባል። የደርግ ሹማምንት በቀይ ሽብር ለፈጸሙት በግል ተከሰው በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተብለዋል። ገዳዮቹ ግን ደመወዝ የሚቀበሉት፣ እስር ቤቱን የሚከፍቱት፣ ማኅተሙን የሚመቱት በመንግሥት ስም ነበር። የሟች እናት መንግሥትን ስትጠይቅ «ያ የደርግ ሥራ ነው» ብሎ የሚያሰናብታት ሹም፣ ለኢጣሊያኑ «አገር ያው አገር ነው» ብለን የምንመልሰውን መልስ በምን አፉ ይደግማል?