አማርኛችን ማንን ይመስላል?



በዚህ ዓመት መምህራችን በክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። «ከዕብራይስጥና ከበርማ ቋንቋ ለአማርኛ የሚቀርበው የትኛው ነው?» አሉን። ሁላችንም ባንድ ድምፅ «ዕብራይስጥ!» ብለን መለስን። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «ግማሹን መልሳችኋል፤ የቀረውን ግማሽ ፈልጋችሁ አምጡ» አሉን። እኔም ብዙ ቀን መጽሐፍ ሳገላብጥ ቆየሁ። መልሱን ያገኘሁት ግን ከእናቴ አፍ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ግማሹ መልስ ልናገር። አማርኛና ዕብራይስጥ ሁለቱም ከሴም ቋንቋዎች የሚቈጠሩ ዘመዳሞች ናቸው። እኛ ቤት ስንል ዕብራውያን ባይት ይላሉ፤ ዓይንን ዓይን፥ ደምን ዳም፥ ስምን ሼም፥ ልብን ሌቭ ይላሉ። የበርማ ቋንቋ ግን ዛሬ ምያንማር በምትባለው አገር የሚነገር፥ ከቲቤትና ከቻይና ቋንቋዎች ጋራ የሚዛመድ ነው። ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል የቃሉ ፍቺ ይለወጣል። በዚያ ቋንቋ ቤት «ኤይን» ይባላል፤ ይህን የሰማ ሰው ከእኛ ዓይን ጋራ ሊያዛምደው ይከጅል ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቃል በአጋጣሚ ስለ ተመሳሰለ ዝምድና አይመሠረትም።

እንግዲህ ቃላቱን ትተን የዐረፍተ ነገሩን አሠራር እንመልከት። ዕብራዊው «አኒ ኦኼል ኦሬዝ» ይላል፤ ቃል በቃል «እኔ እበላለሁ ሩዝ» ማለት ነው። የበርማው ሰው «ቸኖ ተሚን ሳዴ» ይላል፤ ይህም «እኔ ሩዝ እበላለሁ» ነው። እነሆ፥ ግሡን እንደ እኛ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው! ደግሞም እኛ «የመጣ ሰው» የምንለውን ዕብራዊው «ኢሽ ሼ ባ» ይለዋል፤ ሰውን አስቀድሞ መምጣቱን ያስከትላል። ግእዛችንም «ብእሲ ዘመጽአ» ሲል እንዲሁ ነው። የበርማው ሰው ግን «ላ ዴ ሉ» ይላል። ላ መምጣት፥ ሉ ሰው ነው፤ ዴ ሁለቱን ያያይዛል። ይኸውም ልክ እንደ አማርኛው መሆኑ ነው።

ታዲያ አማርኛ በቃል ዘመዱን ዕብራይስጥን እየመሰለ፥ በአሠራር ባዳውን የበርማ ቋንቋ የመሰለው ስለ ምንድን ነው? ከበርማ ጋራ ያለው መመሳሰል በአጋጣሚ ነው፤ ግሥን መጨረሻ ላይ የሚያደርጉ እንደ ጃፓንኛና እንደ ቱርክኛ ያሉ ሌሎች ቋንቋዎችም አሉና። የአማርኛው ምክንያት ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር መናዘዝ አለብኝ። ባለፈው ዓመት እናቴ ከገጠር ስንቅ ተሸክማልኝ እስከ ትምህርት ቤቱ በር መጣች። እንደ ልማዷ በኽምጣኛ ጤንነቴን ጠየቀችኝ። እኔም ጓደኞቼ አጠገቤ ቆመው ነበርና በአማርኛ መለስሁላት። ምንም አላለችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በምትችለው በጥቂቱ አማርኛ ታናግረኝ ጀመር።

የመምህሩን ጥያቄ ይዤ ለበዓል ቤት የገባሁ ጊዜ፥ «የመጣው ሰው እንጀራ በላ» የሚለውን በኽምጣኛ እንድትነግረኝ ለመንኋት። ግራ ገብቷት ዝም ብላ አየችኝና ነገረችኝ። መምጣቱ ከሰውየው በፊት፥ እንጀራው ከመብላቱ በፊት ነበረ። ቃሉ ሁሉ ሌላ ሲሆን አሠራሩ አማርኛ ነው። ዓይንን «እል»፥ ውሃን «አቍ» የሚለው ኽምጣኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አገውም ከኩሽ ወገን ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ በጥንት ዘመን አገውኛና ሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች የሚናገሩ አባቶቻችን የሴሙን ቋንቋ ሲቀበሉ፥ ቃሉን ወስደው የራሳቸውን አሠራር አልለቀቁም። ዶሮን የመሰሉ ቃላትም ከአገው የመጡ ናቸው ይባላል። እኔም እናቴን በአማርኛ ስመልስላት፥ ባፈርሁበት በኽምጣኛ ሥርዐት ዐረፍተ ነገሬን እየሠራሁ ነበር!

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ይባላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. ኦስትሪያዊው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ ስለዚህ ስለ ኽምራ ቋንቋ መጽሐፍ አሳተመ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ ሰዋስውን ጽፎ አወጣ። የባዕድ አገር ሰው ደክሞ የጻፈውን፥ እኔ የሰቆጣው ልጅ በትምህርት ቤት በር ላይ ደበቅሁት።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ አማርኛና እንግሊዝኛ ይወቅ፤ እንጀራ የሚሰጠው እርሱ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ እኔም ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው፥ አማርኛንም እወዳለሁ። ነገር ግን አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ግዴታ አይደለም። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፥ ከ170,000 ከሚበልጡት ቅማንቶች መካከል ቅማንትኛን አፍ መፍቻዬ ነው ያሉት 2,000 አይሞሉም ነበር። ይህ ቋንቋ የኽምጣኛ ወንድም ነው። ዕብራይስጥ በአንጻሩ ብዙ መቶ ዓመታት በጸሎትና በመጽሐፍ ብቻ ከኖረ በኋላ እንደገና የቤት ቋንቋ ሆኗል። ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ገብቶ፥ በተከታዩ ዓመት የተወለደውን ልጁን በዕብራይስጥ ብቻ እየተናገረ አሳደገው። ከዚህ የምንማረው፥ ቋንቋ የሚሞተውም የሚድነውም በቤት ውስጥ በእናትና በልጅ መካከል መሆኑን ነው።

ኽምጣኛ በታችኛው ክፍል መማሪያ ሆኖ መግባቱ ያስደስታል። እኛ ከፍ ያልነው ተማሪዎች ግን ምን አደረግን? በበኩሌ የማሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ በሚመጣው ዓመት ይህ መጽሔታችን አንድ ገጽ ለኽምጣኛ ይስጥ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዳችን ለበዓል ቤታችን ስንገባ ከሽማግሌዎች ዐሥር ዐሥር ቃል ከነትርጓሜው ጽፈን እናምጣ። ለዚህ ደብተርና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም።

እኔ ከራሴ ጀምሬአለሁ። ባለፈው ወር እናቴ ስንቅ ይዛልኝ ስትመጣ፥ ጓደኞቼ እየሰሙ በኽምጣኛ ሰላም አልኋት። እርሷ ግን አሁንም በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ። ያስለመድኋት እኔ ነኝና እስክትተወው ድረስ አላቋርጥም።