ካቴና የበሳው ሞተር ለቁራሌው አይሰጥም

የተበጠሰ የሞተር ሳይክል ካቴና ሁልጊዜ መንገድ ላይ ወድቆ አይቀርም። ሞተሩ በጉልበት እየዞረ ስለሆነ የፊተኛው ጥርስ የተለቀቀውን ጫፍ ወደ ራሱ ይስበዋል። በጥርሱና በሞተሩ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ካቴናው እዚያ ገብቶ ይጠቀለላል፣ ይታጨቃል፣ መውጫ ያጣል። ካቴናው ብረት፣ ግድግዳው አልሙኒየም ነውና የሚሸነፈው ግድግዳው ነው። ነጂው ወርዶ ሲያይ ከፊተኛው ጥርስ ጀርባ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ከሥሩም የሚንጠባጠብ ዘይት ያገኛል።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስህተት ከቀዳዳው የባሰ ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ ባለ አራት ምት ሞተሮች ፒስተኑንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም የሚያለሰልሰው አንድ ዘይት ነው። ዘይቱ እየፈሰሰ «ቀስ ብዬ ከተማ ልድረስ» ብሎ የሚያስነሳ ሰው በአንድ ብየዳ ሊድን የነበረውን ሞተር ፒስተኑ እስኪነክስ ያደርሰዋል። ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ በፒካፕ ማስጫን የጥገናው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ጥርጊያ መንገድ ላይ የሚሠራ ሞተር ሳይክል በኢትዮጵያ ገጠር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የግብርና ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ፣ የጤና ባለሙያው ክትባት ይዞ እስከ ጤና ኬላ የሚደርሰው በእሱ ነው። ሞተሩ ሲበሳ ግን ብዙ ጊዜ «አልቋል» ይባልና አጥር ተደግፎ ይቆማል፤ ቀስ በቀስም ጎማው፣ መብራቱ፣ ካርቡሬተሩ እየተፈታ ይሄዳል። ይህ ፍርድ መቀየር አለበት። ቀዳዳው የወጣው በግድግዳው ላይ ብቻ ከሆነ ሞተሩ ይድናል፤ በትክክል ከተሠራም ለዓመታት ያገለግላል።

«በትክክል» የሚለው ቃል ግን ብዙ ሥራ ይጠይቃል። መጀመሪያ የተሰበረው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስንጥቁ የኩሽኔታ መቀመጫ ድረስ ከዘለቀ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያ መቀመጫ የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ስለሆነ የብየዳ ሙቀት ካጣመመው ቶርኖ ቤት ገብቶ እንደገና መስተካከል አለበት። ሁለተኛው ጥያቄ ስብርባሪው የት ገባ የሚለው ነው። ወደ ውስጥ የተወረወረ የአልሙኒየም ቁራጭ በማርሾች መካከል ከተቀረቀረ ቀዳዳው በተደፈነ ማግስት ካምቢዮው ይሰበራል። ስለዚህ ቁርጥራጮቹን ሰብስቦ እንደ ተሰበረ ሳህን ቀዳዳው ላይ መልሶ መገጣጠም፣ የጎደለ ካለም ሞተሩን ለሁለት ከፍቶ መፈለግ የግድ ነው።

ብየዳውም ቢሆን የበርና የመስኮት ብየዳ አይደለም። አልሙኒየም 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ቆዳው ሳይነሳ የተበየደ አልሙኒየም ላይ ላዩን የተያያዘ ይመስላል እንጂ አልተዋሐደም። በአርጎን ብየዳ ይህን ቆዳ የሚሰባብረው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ኤሲ ነው። ርካሾቹ የአርጎን ማሽኖች ደግሞ ብዙዎቹ ዲሲ ብቻ የሚሰጡ ናቸው፤ ለማይዝግ ብረት ይበቃሉ፣ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ደንበኛ ሞተሩን ከማስረከቡ በፊት «ማሽናችሁ ኤሲ አለው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ከማሽኑም በላይ ወሳኙ ንጽሕና ነው። ለዓመታት ዘይት የጠጣ ቀልጦ በቅርጽ የወጣ አልሙኒየም ሙቀት ሲነካው የጠጣውን ይተፋል፤ ብየዳው በአረፋ ይሞላና እንደ ወንፊት ያንጠባጥባል። የሚያውቅ ባለሙያ መጀመሪያ ያጥባል፣ ያሞቃል፣ የወጣውን ዘይት ይጠርጋል፣ እንደገና ያሞቃል። የስንጥቁን ጫፍ በትንሽ ቀዳዳ ያቆመዋል፤ አለዚያ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ ይቀጥላል። ጠርዙን በሞረድ ሰያፍ ያደርጋል፤ ሲሊኮን ያለበት የአልሙኒየም ሽቦ ይጠቀማል፤ ግድግዳው እንዳይጣመምም ሁለቱን ግማሾች በቡሎን አስሮ በጥቂት በጥቂቱ ይበይዳል። በመጨረሻ የጓርኒሲዮኑን ፊት ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አስቀምጦ ያያል። ፍሳሽ የሚፈተሸውም በቀላል ዘዴ ነው፦ ውጪው በጠመኔ ይቀባል፣ ውስጡ ነጭ ጋዝ ይደረግበታል፤ የሚያሾልክ ቦታ ካለ ጠመኔው ላይ እርጥብ ምልክት ይታያል።



በሁለት ቱቦ የሚሸጠው የኢፖክሲ ማጣበቂያስ? ፈጽሞ አይረባም ማለት እውነት አይሆንም። ጭነት የማይሸከም ትንሽ ቀዳዳ፣ በደንብ ታጥቦና ሻክሮ፣ ከውስጥ በአልሙኒየም ቁራጭ ተደግፎ፣ ማጣበቂያውም አንድ ቀን ሙሉ ተትቶ ከደረቀ ሊይዝ ይችላል። ከዋና ከተማ ርቆ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ዘይት ባልለቀቀ ግድግዳ ላይ ቀብቶ፣ በሰዓታት ውስጥ አስነስቶ፣ «ተበይዷል» ብሎ የብየዳ ዋጋ ሲጠየቅ ነው። ጊዜያዊ ጥገና ጊዜያዊ ተብሎ መነገር አለበት።

«አዲስ የሞተር ሽፋን ገዝቶ መቀየር ይሻላል» የሚል ክርክርም አለ። በርግጥ የኩሽኔታ መቀመጫው የተሰነጠቀ ሞተር ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን የሞተሩ ሁለት ግማሾች በብዙ ፋብሪካዎች አብረው የተስተካከሉ ጥንዶች ናቸው፤ አንዱን ብቻ ከሌላ ሞተር አምጥቶ መግጠም ኮሎውን ሊያጣብቅ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለ። የሞተር ቁጥሩ የሚታተመው በዚሁ አካል ላይ ሲሆን ሊብሬው ላይም የተመዘገበው ያ ቁጥር ነው። ቁጥር ያለበትን ግማሽ የቀየረ ባለንብረት ማስረጃውን ይዞ ምዝገባውን ማስተካከል ይኖርበታል። መበየድ የሚቻለውን መበየድ ከዚህም ጣጣ ያድናል።

ሆኖም ጥሩ ብየዳ ብቻውን አይበቃም፤ ቀዳዳውን ያመጣው የካቴናው መበጠስ ነውና። በትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ የተለመደው 428 ካቴና አዲስ ሳለ 20 ማያያዣዎቹ 254 ሚሊሜትር ይለካሉ፤ 259 ከደረሰ 2 በመቶ ረዝሟልና መጣል አለበት። ሜትር የሌለው ሰው ካቴናውን ከኋላ ጥርስ ጀርባ ወደ ውጭ ይሳበው፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ጊዜው አልፏል። የመቆለፊያው ክሊፕ የተዘጋ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ የገባ ክሊፕ ድንጋይ ወይም እንጨት ሲነካው ሊወልቅ ይችላል። ካቴናና ጥርሶች አብረው ይቀየራሉ፤ ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ያማሃ ለእርሻ ሥራ ብሎ የሠራው ኤጂ 100 ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተከለለ ነው፤ ጭቃና አሸዋ በቀላሉ አያገኘውም። ለገጠር ሥራ ሞተር ሳይክል የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ይህን ዓይነት ሽፋን፣ ካልተገኘም ከፊተኛው ጥርስ አጠገብ የሚታሰር መከላከያ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ቢጽፉ ወጪው ከአንድ ሞተር ጥገና ጋር አይወዳደርም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የእንግሊዙ ራይደርስ ፎር ሄልዝ በአፍሪካ አገሮች ለጤና ሠራተኞች ሞተር ሳይክል ሲያቀርብ የተከተለው መርሕም ቀድሞ መከላከል ነው፦ ዕቃው ሳይሰበር በጊዜው ይፈተሻል፣ ይቀየራል።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የራሳቸው ድርሻ አለባቸው። የብረት ብየዳ የተማረ ወጣት ብዙ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የወጣ አልሙኒየም አጥቦ፣ አሙቆ፣ በኤሲ አርጎን በይዶ፣ በጠመኔና በነጭ ጋዝ ፈትሾ የሚያስረክብ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው። የተጣሉ የሞተር ሽፋኖች ለልምምድ ቢሰበሰቡ ለተማሪው ከበቂ በላይ ናቸው። ወረዳዎችም በየዓመቱ በጀት ሲይዙ ለነዳጅ ብቻ ሳይሆን ለካቴና፣ ለጥርስና ለእንዲህ ያለው ብየዳ የተለየ መስመር ይክፈቱ፤ አጥር ተደግፈው ከቆሙትም ግድግዳቸው ብቻ የተበሳውን ለይተው በቅድሚያ ወደ ጋራዥ ይላኩ።