ከጠመኔ እስከ ርእሰ መምህርነት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በአምቦና በጉደር አልፎ ነቀምቴ የሚገባው መንገድ ስንቱን መምህር አመላልሷል! ይህን እትም ለእነሱ ስናዘጋጅ በመጀመሪያ ያነሣነው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ስንዱ የተወለዱት እዚሁ አዲስ ዓለም አካባቢ ነው። ስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከውም ኢጣሊያ፣ አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ ተመረጡ፣ ከሴቶች ቀዳሚዋ።

እኔን ከሹመቱ ይልቅ የሚማርከኝ ለተማሪዎቻቸው ቴአትር መጻፋቸው ነው። ያዩትን የአርበኝነት ዘመን ልጃገረዶች መድረክ ላይ ወጥተው እንዲጫወቱት አደረጉ። ርእሰ መምህርነት ፊርማና ማኅተም ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህን ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

በውስጥ ገጾች የአካባቢያችን ጡረተኛ መምህራን ይናገራሉ፦ በአጨዳ ወቅት ስለሚጎድሉ ተማሪዎች፣ ለሁለት ተሰብሮ ስለሚታደል ጠመኔ፣ በተንጠለጠለ ቸርኬ ስለሚደወል ደወል። ርእሰ መምህር ሆነውም ክፍል መግባት ያልተዉትን አስቀድማችሁ አንብቡልን፤ ለወጣት መምህራንም አቀብሉልን።