ለነቀርሳ በሽተኛ በልክ የሚታተም ልባስ

ማተሚያ ሲባል ወረቀትና ቀለም ብቻ ትዝ የሚለን ስለ ሆነ፤ ለበሽተኛ የሚረዳ ማተሚያ አለ ብንል ለአንዳንዱ አንባቢያችን ቀልድ ሳይመስለው አይቀርም። ይህኛው ግን በቀለም ፈንታ ፕላስቲክ እያቀለጠ፤ ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ፤ ቁመትና ወርድ ውፍረትም ያለውን ዕቃ የሚሠራ መኪና ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በር የከፈተው አሜሪካዊው ቻክ ሐል ነው፤ እርሱም ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን እያጠነከረ ዕቃ ለመሥራት ላወጣው ዘዴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ዓመት የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ለነቀርሳ ሕክምና የሚላከው ብርቱ ጨረር አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ኃይሉ የሚበረታው ቆዳ ላይ እንዳረፈ ሳይሆን ጥቂት ከዘለቀ በኋላ ነው፤ በብዙ ሐኪም ቤት የሚሠራበት ባለ 6 ሚሊዮን ቮልት ጨረር ከቆዳ በታች 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲገባ ይበረታል። ነቀርሳው በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ይህ ጠባይ ቆዳውን ከመቃጠል ያተርፈዋል። በሽታው በአፍንጫ ወይም በጆሮ ቆዳ ላይ ሲሆን ግን ጨረሩ ዋናውን ጠላት በደካማ ጉልበቱ ነክቶት ያልፋል። ስለዚህ ሐኪሞች ቦሉስ የሚሉትን፤ በጨረር ፊት ጠባዩ ሥጋ የሚመስል ልባስ በቆዳው ላይ ይደርቡበታል፤ ጨረሩም በልባሱ ውስጥ ጉልበቱን አግኝቶ ከበሽታው ይደርሳል።

የተለመደው ልባስ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ በጀርባ ላይ መልካም አድርጎ ይተኛል፤ በአፍንጫና በጆሮ እጥፋት ላይ ግን አይገጥምም። በመካከል የሚቀረው ባዶ አየር ጥቂት ቢመስልም፤ ቆዳው የታዘዘለትን የጨረር መጠን ሊያጎድልበት ይችላል። አሁን ግን ሲቲ በሚባለው መኪና ከሚነሣው የሰውነት ሥዕል ልኩ ተወስዶ ልባሱ ይታተማል፤ ወይም ቅርጹ ታትሞ ለስላሳ ሲሊኮን ይፈስበታል። በካናዳ አገር በሐሊፋክስ ከተማ ያለው አዳፕቲቭ የተባለው ማኅበር ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ2018 ዓመት ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አግኝቷል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ደስ ያሰኘን ልክ ለመውሰድ በቆሰለ ፊት ላይ ጀሶ መለሰን መቅረቱ ነው፤ የታመመ ሕፃን ያስታመመች እናት የዚህን ዋጋ ታውቀዋለች። ሆኖም በታተመው ዕቃ ውስጥ የማይታይ ቀዳዳ ሊቀር ስለሚችል፤ የጨረር መጠን የሚያሰላው ባለሙያ ሳይመረምረው በበሽተኛ ላይ አይደረግም።

ለቤተ ሰብም ድርሻ አለው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሳምንታት ስለሚፈጅ፤ በመጀመሪያው ቀን የገጠመው ልባስ በሽተኛው ሲከሳ ወይም ፊቱ ሲያብጥ ላይገጥም ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚያየው በማዕድ አጠገቡ የሚቀመጠው ዘመድ ነውና ሳይዘገይ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙም ካስፈለገ ሥዕሉን እንደ ገና አስነሥቶ ሌላ ልባስ ያሳትማል።