አራቱን ቀን ማን በላቸው?

በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ አበሻ ለአበሻ ስለ ሥራ ሲያማክር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «በሰዓት ስንት ይከፍላል?» «ስንት ሰዓት ይተርፋል?» ብሎ የሚጀምር ሰው ቢገኝ ሰነፍ ይባላል። የሚተርፈውን ሰዓት ለብስክሌት እንደሚፈልገው ከተናገረማ ወሬው ከስንፍናም ያልፍና የቤተ ዘመድ ጭንቀት ይሆናል። ልጁ ምን ነካው? መኪና መግዛት አቃተው እንዴ?

ከፌዙ ጀርባ ያለው እምነት፣ ያልተሸጠ ሰዓት ሁሉ የባከነ ነው የሚል ነው። ይህም የአገር ቤት ጨዋነት ተደርጎ ይቀርባል፤ «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። ተረቱን ለዚህ ለመጥቀስ የታሪክን ግማሽ መርሳት ያስፈልጋል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ሰንበት ሆና ትከበር በማለታቸው ለመቶ ዓመት ገደማ ተገፍተዋል፣ ተሰደዋል፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1450፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱንም ሰንበት አጸደቀ። ክርክሩ የሃይማኖት እንጂ የሠራተኛ መብት አልነበረም፣ ልክ ነው። ቢሆንም ለሁለተኛው ሰንበት ስደትን የተቀበሉ ሰዎች ልጆች፣ ቅዳሜንም እሑድንም በሰዓት ሂሳብ ሸጠው ሲያበቁ «ባህላችን ነው» ማለታቸው አያስኬድም።

ነርስነት ጥሩ ማሳያ ነው፤ ብዙ አበሻ የሚማረውና የሚመኘው ሙያ ስለሆነ። በሆስፒታል የተለመደው ፕሮግራም በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ነው። ድምሩ 36 ሰዓት፤ በአብዛኛው እንደ ሙሉ ሠራተኛ የሚያስቆጥር፣ የጤና ኢንሹራንስም የሚያሰጥ። የ12 ሰዓት ቀን ቀልድ አይደለም፤ ከቀሩት አራት ቀናት አንዱ ለእግርና ለወገብ ማሳረፊያ ይሄዳል። ከዚያ በኋላም ግን ሦስት ሙሉ ቀን አለ። ብስክሌት የሚወድ ሰው ቁጭ ብሎ ለራሱ ሥራ ልፍጠር ቢል ከዚህ የተሻለ አይፈጥርም። ታዲያ ቀኖቹ የት ይገባሉ? ሁለቱ ለሌላ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ለአረጋውያን እንክብካቤ። አራተኛው እንቅልፍ ነው።

ከበላተኞቹ አንዱ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ኤኤኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2023 እንዳሰላው አዲስ መኪና መያዝ በዓመት ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። በሰዓት 20 ዶላር ለሚከፈለው ሰው ይህ ግብር ሳይነሣ 600 ሰዓት ነው፤ ሃምሳ የ12 ሰዓት ሺፍት። በሳምንት አንድ ቀን ማለት ነው። ኢቫን ኢሊች በ1970ዎቹ ስለ ኃይልና ፍትሕ በጻፋት ትንሽ መጽሐፍ ተመሳሳዩን ስሌት እስከ መጨረሻው ወስዶታል፦ አሜሪካዊው መኪናውን ለመንዳትም፣ ለማቆምም፣ ዕዳውን ለመክፈልም በዓመት ከ1,600 ሰዓት በላይ ያጠፋና 7,500 ማይል ይሄዳል። በሰዓት አምስት ማይል እንኳ አይሞላም። ብስክሌት እየሳቀ ያልፈዋል።

እዚህ አካባቢ ያለ መኪና መኖር ይቻላል የሚል ካለ አርሊንግተንን ይይ፤ ወደ 400 ሺህ ሕዝብ ያላት፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የተቀመጠች፣ መደበኛ የአውቶቡስ መስመር የሌላት ከተማ ናት። የመጀመሪያው መኪና ግድ ነው። ጥያቄው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው።

«እንግዲያው ኡበር ይንዳ፣ ሰዓቱ በእጁ ነው» የሚሉም አሉ። በወረቀት ላይ እውነት ይመስላል። ገንዘቡ ያለው ግን ንጋት ላይ፣ ወደ ኤርፖርት በሚጓዙት ዘንድ ነው፤ የዳላስ በጋ ደግሞ ለብስክሌት የሚተወው ያንኑ ንጋት ብቻ ነው። በ2011 የሙቀት መጠኑ ለ40 ተከታታይ ቀናት 100 ፋራናይት የደረሰበት አገር ነው። በሁለት ጉዞ መካከል ቆሞ መጠበቅ አይከፈልበትም፤ ኦቨርታይም የሚባል ነገርም የለም። ሾፌሩ ጊዜውን ይመርጣል ይባላል እንጂ የሚመርጥለት ገበያው ነው።

«ከተማው ለብስክሌት አልተሠራም» የሚለው ተቃውሞ ግማሹ ትክክል ነው። ከሃይዌይ ጎን ባለው መንገድ ላይ ብስክሌት ማውጣት ነፍስን ማስያዝ ነው። ግን የዋይት ሮክ ሐይቅ ዙሪያ መንገድ ዘጠኝ ማይል ያህል ነው፤ ጋርላንድ ለሚኖር ሰውም ሩቅ አይደለም። ፎርት ወርዝ ላይ በትሪኒቲ ወንዝ ዳር የተዘረጋው መንገድ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። «የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚለው ግን መልስም አይገባውም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ውስጥ መምህሩም ጸሐፊውም በብስክሌት ሥራ ሲገባ ኖሯል። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲለብስ በኩራት ያጨበጨበ ሰው፣ የጎረቤቱን ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ቢል ማን ይሰማዋል?

ከባዱ ተቃውሞ የሚላከው ገንዘብ ነው። የፓርኪንግ ሠራተኛው ሁለት ሥራ የሚሠራው ለእናቱ መድኃኒትና ለእህቱ ትምህርት ከሆነ ስለ ብስክሌት ሊሰበክ አይገባውም፤ የቴክሳስ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። ነገር ግን የእሱ ድካም ለሌሎች መሸፈኛ ሆኗል። የነርሷ እናት መድኃኒት በሦስቱ ቀን ደመወዝ ይገዛል። የቀሩትን ቀኖች የሚበሉት አዲስ አበባ ላይ ተከራይ የሚጠብቅ ፎቅና ፍሪስኮ ላይ እንግዳ የሚጠብቅ አምስተኛ መኝታ ቤት ናቸው። ስለ እነርሱ ሲነሣ ግን የምትጠራው እናት ናት።

የ2010ሩ የጤና ሕግ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት በሳምንት 30 ሰዓት የሚሠራውን እንደ ሙሉ ሠራተኛ ይቆጥራል። ስለዚህ ለቅጥር የሚቀርብ ሰው ደመወዙን ከጠየቀ በኋላ ሁለት ነገር ይጨምር፦ ኢንሹራንሱ ከስንት ሰዓት ሥራ ጀምሮ ነው? ሺፍቱስ ስንት ሰዓት ላይ ይገባል? ሐምሌ ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በሐይቁ ዙሪያ መጋለብ ይከብዳል።