ግንድ ጫኙም ይቆጠር!

የጆርጂያ ወገኖቼ፣ ዕድራችን ለሐዘንተኛ ድንኳን የሚተክለው በዚያው ቀን ነው። የቤት ካርታ አምጣ አይልም፤ ዓመት አያስጠብቅም። ከአትላንታ የሦስትና የአራት ሰዓት መንገድ ርቀው ለሚኖሩት ገበሬዎችና ግንድ ቆራጮች ግን እንዲህ ያለ ደራሽ አልተገኘላቸውም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ሌሊት ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በፍሎሪዳ ፔሪ አጠገብ የብስ ረገጠ፤ ሳይነጋም በቫልዶስታ አልፎ ጆርጂያን እስከ ኦገስታ ሰነጠቃት። ጥጡ ለለቀማ ደርሶ ነበር። የዶሮ ቤቶች ፈረሱ፤ አያት የተከሏቸው የፒካን ዛፎች ከነሥራቸው ተነቀሉ። አዲስ ፒካን ተተክሎ ደህና ፍሬ ለመስጠት ሰባት ስምንት ዓመት ይወስድበታል፤ ጥድ ለጣውላ እስኪደርስ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ። የስቴቱ የደን ኮሚሽን የደኑን ጉዳት ብቻ 1.28 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ኮንግረስ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለመላው አገሪቱ ግብርና ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ለጆርጂያ የተለየው የ531 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ይፋ የሆነው ግን አደጋው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። የወደቀ ጥድ ይህን ያህል አይጠብቅም። በወራት ውስጥ ጢንዚዛ ይገባዋል፣ ሻጋታ ያጠቁረዋል፤ ለጣውላ የታሰበው ግንድ ለወረቀት እንኳ ገዢ ያጣል። የሳቫናና የራይስቦሮ ወረቀት ፋብሪካዎችም በ2025 ተዘጉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የግንድ ቆራጩና የጫኙ ነገር ነው። የፌዴራሉ የደን መልሶ ማቋቋሚያ ፕሮግራም ከወጪው እስከ 75 በመቶ የሚሸፍነው ለደኑ ባለቤት ነው። ቆራጩ ያለው መሬት ሳይሆን በባንክ ዕዳ የገዛው ማሽን ነው። ከአውሎ ነፋስ በኋላ የወደቀውን ለማንሳት ጥቂት ወራት ሥራ ይበዛል፤ ከዚያ ጫካው ባዶ ይቀራል፣ የማሽኑ ክፍያ ግን በየወሩ ይመጣል። ትራክ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም! መኪና ቆሞ ኢንሹራንስ ሲከፈል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

አይቻልም የሚለን ካለ አንቀበለው፤ ተደርጎ ያውቃልና። ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ ባጸደቀው ሕግ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ገቢያቸው ቢያንስ 10 በመቶ ለቀነሰባቸው ግንድ ቆራጮችና አጓጓዦች 200 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ያ የአንድ ጊዜ ነገር ነበር። እኛ የምንጠይቀው ቋሚ ሕግ ነው፦ አደጋ በታወጀ ቁጥር ቆራጩና ጫኙ ከገበሬው እኩል የሚያመለክቱበት፣ የመጀመሪያው ክፍያም በዘጠና ቀን ውስጥ ከእጃቸው የሚገባበት።

ዜጋ የሆናችሁ ሁሉ፣ ድምፃችሁን የሚፈልጉ ሁለት ሴናተሮችና አንድ የምክር ቤት ተወካይ አሏችሁ። በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ዘርጉና ደብዳቤ አስፈርሙ። የትራክ ባለቤቶች የቆማችሁበትን ቀንና ያጣችሁትን ገቢ ጽፋችሁ አያይዙ፤ የእናንተ ምስክርነት ከማንም ይበልጥ ይሰማል። የዕድር ሰብሳቢዎች በማኅተማችሁ ላኩት። እንግሊዝኛው የቀናችሁ ወጣቶች በእናት በአባቶቻችሁ ፋንታ ደውሉ። የኮንግረስ ስልክ 202-224-3121 ነው፤ የምትኖሩበትን ዚፕ ኮድ ንገሯቸውና ከተወካያችሁ ቢሮ ያገናኟችኋል። ሰኞ ጠዋት እንጀምር!