ካካፖን «ጉጉት» ያሰኛት ማነው?

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። በኒውዚላንድ ደሴቶች ብቻ ለምትገኝ አንዲት ወፍ ግን ተረቱ ተገልብጦባታል። ቤቷ ያወጣላትን ስም ጎረቤት አልቀበልም ብሎ ሌላ ለጥፎባታል።

ወፏ ካካፖ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ማኦሪዎች ናቸው። «ካካ» በቀቀን፣ «ፖ» ሌሊት ነው፤ የሌሊት በቀቀን ማለታቸው ነው። እንግሊዞች ግን «ጉጉት በቀቀን» አሏት። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ያገራችን ጸሐፊም ይህንኑ ገልብጦ ቢያልፍ «ምነው?» የሚለው የለም። እኔ ግን ምነው እላለሁ።

ለመሆኑ ጉጉት ከየት መጣ? የሎንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ጆርጅ ሮበርት ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ሲያስመዘግባት፣ የፊቷን ላባ አይቶ «ጉጉት መሳይ» የሚል ፍቺ ያለው የግሪክኛ ስም ሰጣት። ከመልኳ በቀር የሚነግረን የለም። ማኦሪዎቹ የሰየሟት ግን ኑሮዋን አይተው ነው። ካካፖ ቀን ተደብቃ ሌሊት የምትወጣ፣ መብረር የማትችል፣ ወንዱ እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን፣ መሬት ምሶ ገብቶ እንደ ከበሮ እያጉረመረመ ሴቷን የሚጠራ ፍጥረት ናት።

ከዚህም በላይ ስሙ ብቻውን የቆመ አይደለም። በዚያው አገር ቀን የሚበር ዘመዷ ካካ ይባላል። ትንሹና አረንጓዴው ደግሞ ካካሪኪ ነው፤ አረንጓዴ ቀለምንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ካካ፣ ካካሪኪ፣ ካካፖ፤ ዝምድናውን ከነልዩነቱ በሦስት ቃል አስቀምጠውታል። ይህ እውቀት ካልሆነ እውቀት ምንድነው? «ጉጉት» ስንል የዘር ሐረጉን በጥሰን ጣልን ማለት ነው።

«ወፏን ያዳናት ሳይንስ እንጂ ቃል አይደለም» የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። ማኦሪዎችም ለሥጋዋና ለላባዋ አድነዋታል፤ ስሙ ከወጥመድ አላስጣላትም። ነጮች ያመጡት ድመትና ሌላው አውሬ ሊጨርሳት ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀሩት 51 ብቻ ነበሩ። ከአውሬ ወደጸዱ ደሴቶች ተወስደው፣ በየጀርባቸው የሬዲዮ መሣሪያ ታስሮላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 250 ደረሱ። ለዚህ ባለሙያዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሌላውን ግማሽ ግን እንስማ። ስሙን ያወጣው ቋንቋ ራሱ እንደ ወፏ ሊጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣ ሕግ የማኦሪ ልጆች በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲማሩ አዘዘ። ሽማግሌዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሕፃናትን በቋንቋቸው የሚያሳድጉበት ቤት ከፈቱ። ቤቱንም ምን አሉት? «ኮሃንጋ ሬዎ»፤ የቋንቋ ጎጆ፣ ያውም የወፍ ጎጆ። እ.ኤ.አ. በ1987 ማኦሪኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ከደቡብ ደሴት ነገድ ከንጋይ ታሁ ጋር የተደረገው ስምምነት ካካፖን ከነገዱ ውድ ቅርሶች መካከል በሕግ መዘገባት። ጎጆውን የሠሩት ሰዎች ወፍና ቃል አብረው እንደሚያድሩ ገብቷቸው ነበር።

እኛስ? በእኛ አገር ጉጉት ቤት አናት ላይ ከጮኸ ሰው ይደነግጣል፤ የሞት ሟርት ነው ይባላል። እንግዲህ አንዲት ምስኪን ወፍ፣ ከጥፋት አፋፍ ተመልሳ ስታበቃ፣ በአማርኛ ሟርተኛ ተብላ ልትመዘገብ ነው! እንግሊዙ ያላሰበውን እርግማን እኛ ጨመርንበት ማለት ነው።

አዲስ ስም መፍጠር አያሻንም። ፊደላችን ካ፣ ካ፣ ፖ ብሎ ያለ ጭንቅ ይጽፈዋል። ቤቷ ስሙን ካወጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የቀረው ጎረቤት መቀበሉ ብቻ ነው።